ግርጌው የተቆረጠ ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኬን ተቀብላ የሱቄን ዕቃ የሚቆጣጠር ፕሮግራም ልትጭንልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ይመታል። እኔ የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠምኩ እጠብቃለሁ፤ እሷ ስልኩን ትነካካለች።

"እማ፣ ሙሉ ስም ይላል።"

"ስሜ ምን ያደርግለታል? የሚቆጥረው ሳሙናውን ነው እኔን?"

"ለምዝገባ ነዋ! ሁሉም እንዲህ ነው።"

ስሜን ጻፈችለት። ቀጥሎ የተወለድኩበትን ቀን ፈለገ። ቀጥሎ ያለሁበትን ቦታ እንዲያይ፣ ስልኬ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ እንዲያነብ፣ ድምፅ መቅጃውን እንዲጠቀም ፈቃድ ጠየቀ። የሳሙናና የስኳር ቆጣሪ የእህቴ ስልክ ቁጥር ምን እንደሚሠራለት የሚነግረኝ አልተገኘም። ልጄ በአውራ ጣቷ ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ እያለች አሳለፈችው። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"የይለፍ ቃሉ ቢጠፋብሽ አንቺ መሆንሽን የሚለይበት ጥያቄ ነው። የእናትሽ ስም ማነው ይላል።"

ስልኩን ከእጇ መነጨቅኋት።

በከተማችን በመካነ ሰላም ጠርጣራ መሆኔን የማያውቅ የለም። እሷ ሰላም ሲሏትም "ለምን?" ብላ ነው የምትመልሰው እያሉ ይቀልዱብኛል። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር" የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይጠቅሰዋል፤ እኔ ግን ስንጥሩን በአፌ አግኝቼው አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ፦ ስሜን አልነግራችሁም። የአባቴንም፣ የእናቴንም አልነግራችሁም። ቅር አይበላችሁ፤ ስትጨርሱ ትፈርዱልኛላችሁ።

ገና ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ። ወላጆቼ ወግዲ ገጠር ውስጥ ሽማግሌ ተቀብለው ለአንድ ሰው ሊድሩኝ ቀን ቆርጠው ነበር። ሰውየው በዕድሜ አባቴን የሚያክል፣ ብዙ በሬና ብዙ ወንድሞች ያሉት ሰው ነው። እኔን ያስፈሩኝ ወንድሞቹ ነበሩ። ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠላው ሊጠነሰስ ሲል ስንዴ በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠላጥዬ መካነ ሰላም ገባሁ። መንገዱ ያን ጊዜ መንገድ ለመባል ብዙ ይቀረው ነበር፤ ስወርድ ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ አንድ ቀለም ሆኜ ነበር። ብዙ ሳልቆይ ሰውየው "ከሰማይ በታች ካለች በውድም በግድም አመጣታለሁ" ብሎ መማሉን ከገበያተኛ ሰማሁ። ጠለፋ ማለት ምን እንደሆነ ለአገሬ ሴት ማስረዳት አያሻም። አንድ ቀን ውሃ ልትቀጂ ትወጫለሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማልሽ ወሬ የሰውየው ሚስት መሆንሽ ነው።

በዚያ ወቅት አያ ይማም የሚባሉ ሰው የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበራቸው። ከተማችን ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አንዱ የእሳቸው ነው። ባለቤታቸው እቴ ፋጦ አቧራ እንዳይነካው በእጃቸው በሠሩት ዳንቴል ይሸፍኑታል፤ ከጓሮ ያለው ጀነሬተር ሲነሳ ደግሞ የዳንቴሉ ጫፍ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሥራ ፈልጌ ስገባ አያ ይማም ስሜን ጠየቁኝ። ከማዶ ያለው ፀጉር ቤት ሰሌዳ ላይ ያነበብኩትን ጠራሁ።

"አስቴር።"

ትክ ብለው አዩኝ። ሰሌዳውን እሳቸውም በየቀኑ ያዩታል።

"በጀ። አስቴር ነኝ ካልሽ አስቴር ነሽ" አሉ።

ከየት መጣሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አላሉኝም። ሰው ሳይጠይቁ ማስጠጋት ትልቅ ደግነት መሆኑን ያወቅኩት በእሳቸው ቤት ነው። ከእቴ ፋጦ ጋር ጓዳ አደርኩ፣ የባቄላ ንፍሯቸውን በላሁ፣ ጣቶቼም ፊደሉን ቶሎ ለመዱት። ግን ደጃፉ ላይ ጥላ በወደቀ ቁጥር ሻሼን ወደ ፊቴ እስብ ነበር። በገበያ ቀን ከወግዲ በኩል የሚመጣውን ሰው ሁሉ በመጋረጃ ቀዳዳ እያየሁ ነበር የምውለው።

የምንጽፈው የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ነበር። አማርኛ የሚጽፈው ፕሮግራም ግን አንድ ክፉ አመል ነበረው። አዲስ አበባ ለሠሩት ሰዎች እስኪመዘገብ ድረስ በሚያትመው ወረቀት ሁሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ "ያልተመዘገበ ቅጂ" ብሎ ይጽፋል። የድንበር ክስ ያጻፉ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ይዘው ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ተመለሱ።

"ገና ሳልገባ አልተመዘገበም አላችሁብኝ እኮ! ባላጋራዬ ቀድሞ አነጋግሯችኋል?" አሉ በቁጣ።

አያ ይማም ቢምሉ ቢገዘቱ ሽማግሌው አላመኗቸውም። በማግስቱ ከተማው ሁሉ አያ ይማም ከሽማግሌው ባላጋራ በግ በልተዋል ብሎ ሲያወራ ዋለ። ያን ጊዜ ነው መመዝገብ የግድ የሆነው።

የምዝገባው ገጽ ሲከፈት አያ ይማም መነጽራቸውን አድርገው እየጮኹ አነበቡት። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ አድራሻ። ይህን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ደውለን እንናገራለን፤ እዚያ ያለው ሰው የመክፈቻ ቁጥር ይሰጠናል። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"የእናት ስም? ሲህርና ድግምት የሚሠራ ነው እንጂ የእናት ስም ማን ይጠይቃል!"

"ቁጥሩ ቢጠፋብን እኛ መሆናችንን ለመለየት ነው ይላል፣ አያ።"

"ወላሂ አልሰጥም! እናቴ አፈር ገብታ አርፋለች፤ አሁን ደሞ አዲስ አበባ ገብታ ትንከራተት?"

አልሳቅኩም። በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም የእናቱን ስም ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። ኮከብ ቆጣሪ የሚቆጥረው ስምሽንና የእናትሽን ስም ነው። ሁለቱን ደምሮ ከዚያ ቁጥር ያወጣል፤ በቁጥሩ ኮከብሽን ያገኛል፤ ኮከብሽን ካገኘ ማሰር ይችላል፣ መጎተትም ይችላል ይባላል። እኛ ክርስቲያኖች ደግሞ ከዚያ የባሰ ምሥጢር አለን፤ የክርስትና ስም። እሱን የሚያውቁት እናት፣ የክርስትና እናትና የነፍስ አባት ናቸው። ጎረቤት አያውቀውም፣ ብዙ ጊዜ ባልም አያውቀውም። እኔ የእናቴን የክርስትና ስም ያወቅኩት በልጅነቴ ስትቆርብ ከኋላዋ ቆሜ ለካህኑ ስትናገር ሰምቼ ነው። ያን ዕለት ቤት እንደገባን ጆሮዬን ይዛ "ይህን ለማንም እንዳትይ" ብላ አስምላኛለች።

"አንቺ ደውዪ" አሉኝ አያ ይማም በመጨረሻ። "የፈለግሽውን ስም በዪ። የእናቴን ብቻ አትንኪብኝ።"

አስቴር ብዬ ልጨርሰው አስቤ ወደ ስልክ ቤቱ ሄድኩ። የገበያ ቀን ስለነበረ አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ የቅቤ፣ የእርጥብ ጋቢና የዶሮ ሽታ አንድ ላይ ያፍናል። የምንነጋገርባት የእንጨት ክፍል ቁም ሳጥን የምታክል ናት፤ በሯ አይገጥምም። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ካልጮኹ አይሰማም፤ ከጮኹ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። የማን ልጅ እንዳመመው፣ ማን ማንን እንደፈታ፣ የከተማው ሰው የሚያውቀው ከዚያች ክፍል ነበር።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተጠቀለለ ወጣት ግድግዳውን ተደግፎ አየሁ። ዓይኖቹ ከሰውየው ወንድሞች የአንዱን መሰሉኝ። ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ግን በመጠርጠር ብቻ የማይገጥመውን በር በጀርባዬ ደገፍኩት።

"ሙሉ ስም?" አለ ከወዲያ ያለው ሰው። የከተማ ድምፅ ነው፣ ችኩል።

አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"እውነተኛ ስምሽን ነው የምትሰጪው። ቁጥሩ የሚወጣው ከስሙ ነው። የውሸት ስም ከሰጠሽ አይከፍትልሽም፤ ወረቀቱም እንዲሁ እየተበላሸ ይቀራል።"

ውሸቱን ነበር። ማንኛውንም ስም ብሰጠው ቁጥር ይወጣለት እንደነበር የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ደሴ ያገኘሁት የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት አመንኩት። ለምን አላምንም? ኮከብ ቆጣሪውም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የውሸት ስም ብትሰጪው የሌላ ሰው ኮከብ ይወጣል። የማውቀው አሠራር ስለነበር አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች በማሽን የሚቆጥሩ ኮከብ ቆጣሪዎች ቢሆኑም አልገረመኝም።

ከሳጥኑ ውጭ ወጣቱ አለ። የቤት ስሜን ብጠራ ወግዲ በዚያው ቀን ይሰማል። አስቴር ብል አይከፍትም፤ ካልከፈተ የአያ ይማም ቤት ይዘጋል፣ ቤቱ ከተዘጋ እኔ የምሸሸግበት የለኝም። የሚያስፈልገኝ እውነተኛ የሆነ፣ ግን ማንም የማያውቀው ስም ነው። እንዲህ ያለ ስም ደግሞ ነበረኝ።

የክርስትና ስሜን ጠራሁ። የአባት ስም ሲለኝ እንደ እናቴ ሁሉ ሲቆርብ የሰማሁትን የአባቴን የክርስትና ስም አስከተልኩ። ከውጭ አንዱ ሳቀና "ልትቆርብ ነው እንዴ በስልክ?" አለ፤ ሰዉም ሳቀ።

"የእናት ስም?"

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ።

"አይሰማም! ጮክ በዪ!"

ጮክ ብዬ ተናገርኩ። የእናቴን ስም፣ ጆሮዬን ይዛ ያስማለችኝን ስም፣ ቅቤና ዶሮ ይዞ ለቆመ ሕዝብ ጮኼ ሰጠሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ መልሼ ልውጠው ብል አይቻልም። የአዲስ አበባው ሰው ቁጥሩን ነገረኝ፣ በመዳፌ ላይ ጻፍኩት፣ ሻሼን ዓይኔ ድረስ አውርጄ ወጣሁ።

ቁጥሩ ሠራ። ሰያፉ ጽሑፍ ጠፋና ወረቀታችን እንደ ሰው ወረቀት ጠራ። አያ ይማም አልሐምዱሊላህ ብለው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሱት፤ ከዚያ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"ይቺ ከግርጌው ያለችው ምንድናት?"

በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል እንዲህ ይላል፦ ለእከሊት የተፈቀደ፣ መካነ ሰላም። እከሊት ባልኩበት ቦታ የክርስትና ስሜና የአባቴ የክርስትና ስም ተጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በሚያወጣው ወረቀት ሁሉ ላይ ነበረች፤ ብንሞክር ብንታገል አልጠፋ አለች። አያ ይማም የማን ስም እንደሆነ አልጠየቁኝም። እኔም ማን ያውቀዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጥር ገባ። ጥምቀት እንዳለፈ ሠርጉ ተከታተለ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጥሪ ማተም ሆነ ሥራችን። የአንድ ነጋዴ ልጅ ስትዳር ዘመዱ ሁሉ ወግዲ ነበረና የጥሪውን ወረቀት በክምር ወሰዱት። እኔ ያኔም አልነቃሁም። ማን የሠርግ ጥሪ ግርጌ ያነባል? ሰው የሙሽራውን ስም ያያል፣ ቀኑን ያያል፣ ከዚያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል።

አንድ የገበያ ቀን ደጃፉ ላይ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል መምሬ ናቸው፤ የቤታችን የነፍስ አባት። ክርስትና ያነሱኝም፣ የእናቴን ኑዛዜ የሚሰሙትም እሳቸው ናቸው። ጥምጥማቸው በመንገዱ አቧራ ቀልቷል። ሻሼን ስቤ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

"መርሐባ መምሬ፣ ይቀመጡ" አሉ አያ ይማም። "ደህና ነው አገሩ?"

"እግዜር ይመስገን፣ አማን ነው። የሚጻፍ ነገር ነበረችኝ።"

አያ ይማም አጎንብሼ መቅረቴን አዩ። ለጀነሬተሩ ነዳጅ ላምጣ አሉና ወጡ። መምሬ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ በሹክሹክታ የክርስትና ስሜን ጠሩኝ።

"እንደዚያ የምትባል እዚህ የለችም" አልኩ።

"መኖሩንስ አለች።"

"ማን ላከዎት?" አልኩ። ጉልበት መሳም ቀርቶ እንደምን ዋሉ እንኳ አላልኳቸውም። አባቴ ይሆናል፣ ሰውየው ይሆናል፣ ከደጅ ወንድሞቹ ፈረስ ይዘው ይጠብቁ ይሆናል ብዬ ዓይኔ በመጋረጃው ቀዳዳ ነበር።

መምሬ አልተቀየሙም። እጃቸውን ከካባቸው ሥር አስገብተው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ቀጫጭን የወረቀት ቁርጥራጮች ናቸው፤ አንዳንዱ በመቀስ የተቆረጠ፣ አንዳንዱ በእጅ የተቀደደ፣ አንዳንዱ የተለጠፈበት ሊጥ ያለበት። ሁሉም ላይ ያቺ ደቃቅ መሥመር አለች።

"ጥሪው ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ዓይኔ ደክሟልና አስጠግቼ ሳነብ ግርጌው ላይ አየሁሽ። ያንቺንና ያባትሽን ስም አንድ ላይ የሚያውቅ ከኔ በቀር የለም። ጠበል ልረጭ በየቤቱ ስዞር ከየግድግዳው እየቆረጥኩ ሰበሰብኩት። ምን ያረጉልዎታል ሲሉኝ የጸሎት መጽሐፌን ገጽ ላመለክትበት ነው እላለሁ።"

"ለምን ተቸገሩ? ማንም የማያውቀው ስም ነው" አልኩ፣ አሁንም ሳላምናቸው።

"ሰውየው ከቆላ ደብተራ አስመጥቷል" አሉ መምሬ። "የክርስትና ስሟንና የእናቷን ስም አምጣልኝ፣ በእግሯ ትመጣለች ብሎታል። ስሙን ፍለጋ ወደ እኔ መጣ፣ በግ እየጎተተ።"

"ምን አሉት?"

"በግህን ይዘህ ተመለስ አልኩት። ግን ልጄ፣ የሚፈልገው ስም የገዛ ቤቱ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ነበር። ማንበብ ይችላል፤ ግርጌውን ግን አላየም። ይቺ ሊጥ ያለባት ከእሱ ቤት የቆረጥኳት ናት። እያየኝ ነው የቆረጥኳት።"

ቁርጥራጩን አነሳሁት። ሊጡን በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ስሜ ከሥሩ ብቅ አለ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ከቤት በወጣሁባት ጠዋት እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

"የደብተራው ይሥራ አይሥራ እግዜር ያውቃል" አሉ መምሬ። "ከስምሽ አጠገብ ግን መካነ ሰላም ይላል። ለዚያ ደብተራ አያሻውም፣ ፈረስ ይበቃዋል። ያገኘሁትን አምጥቻለሁ። ያላገኘሁት አለ፤ ከእንግዲህ የሚወጣውን ደግሞ አንቺ ዝጊው።"

ሲነሱ ብቻ ነው ጉልበታቸውን የሳምኩት። ለእናቴ በሕይወት መኖሬን እንዲነግሯት፣ የት እንዳለሁ ግን እንዳይነግሯት ለመንኳቸው። "የት እንዳለሽ አልነግራትም፤ የናት ልብ ምሥጢር ይዞ አያድርም" አሉና ከባዶ የስንዴ ጆንያ ጋር ተጭነው ወደመጡበት ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ድረስ ማን አብሯቸው እንደተሳፈረ እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ወደ ስልክ ቤቱ ሄድኩ። ስሜን አጥፉልኝ ልል ነው። ያነሳው ሌላ ሰው ነበር፤ ቆሎ ይቆረጥማል፣ በመስመሩ ውስጥ ጥርሱ ይሰማኛል።

"ቁጥርሽ? ... አዎ፣ አለሽ። የእናትሽ ስም..." አለና ጠራው። እኔ ሳልናገር እሱ ጠራው። የእናቴን የክርስትና ስም፣ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ እንደ ዕቃ ስም። "ልክ ነው አይደል?"

አዎ ብል እንደገና መስጠቴ ነው። አይደለም ብል አያናግረኝም።

"አጥፉልኝ" አልኩት።

"አንዴ የተመዘገበ አይጠፋም እህቴ። ምን ችግር አለው? እኛ ጋ ነው ያለው።"

እኛ ማለት እነማን ናቸው? የት ነው የተቀመጠው? ከእናንተ ሌላ ማን ያየዋል? አንዱንም ሳልጠይቅ መስመሩ ተቋረጠ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ኮምፒውተር ከሁለቱ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም፤ አለመልቀቁን ግን አየሁት።

ያን ዕለት ለአያ ይማም የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሰውየውን፣ ደብተራውን፣ የግርጌዋን መሥመር። እስክጨርስ ሰሙኝና ከመደርደሪያው ላይ የወረቀት መቁረጫውን አወረዱ።

"አብሽሪ" አሉኝ። "እሱ ከጻፈ እኔ እቆርጣለሁ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ቤት ግርጌ ያለው ወረቀት አልወጣም። እያንዳንዱን በእጃቸው ይቆርጡታል፤ እኔ ልቁረጥ ብል አይሰጡኝም። ቁርጥራጩን እቴ ፋጦ ምድጃ ያቀጣጥሉበታል፣ አንድም ሳይቀር አመድ መሆኑን ቆሜ አያለሁ። የአያ ይማም ወረቀት ከሌላው አጠር ያለ ስለነበር በየቢሮው ይታወቅ ጀመር። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ "ማኅተም የማሳርፍበት ቦታ አሳጡኝ እኮ አያ" ብሎ ሲያማርር እሳቸው መልስ አያጡም።

"ወረቀት የሚረዝመው ነገር ሲንዛዛ ነው። የኛ ቤት ቁም ነገር ብቻ ነው የሚጽፈው።"

ሰውየው በተከታዩ ዓመት ሌላ አገባ። ደብተራው ኮከቧ አይገጥምህም አለው ይባላል፤ እኔ ግን ወንድሞቹ መፈለግ ሰልችቷቸው ይመስለኛል። ነገሩ ሲበርድ እናቴ ከመምሬ ሰምታ በገበያ ቀን መጣች። አንገት ለአንገት ተናንቀን ካለቀስን በኋላ ስሟን የት እንዳደረስኩት ነገርኳት። አማተበች።

"ይሁና" አለች በመጨረሻ። "አዲስ አበባ ዘመድ የለኝም ስል አንድ የሚያውቀኝ ሰው ተገኘ።"

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እናቴ ስታርፍ ፍትሐቱን ያደረሱት መምሬ ነበሩ። የክርስትና ስም በአደባባይ የሚጠራው ያን ዕለት ነው፤ ሰው ከሞተ ማን ያስረዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ሲሰማ እኔ ቆሎ የሚቆረጥመውን ሰው አስታወስኩ። ዕንባዬ የኀዘን ብቻ አልነበረም፣ ንዴትም ነበረበት። የእሷ ስም መጀመሪያ መጠራት የነበረበት እዚያ፣ በመምሬ አፍ ነበር። በኋላ መምሬም አረፉ፣ የክርስትና እናቴም አረፈች፣ አያ ይማምም ከነመቁረጫቸው ታሪክ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ነው ልጄ ስልኩን ይዛ "የእናትሽ ስም ማነው" ስትለኝ የመጣብኝ። ነጥቄ ስይዘው ማያ ገጹ እጄ ውስጥ ይበራል። ከታች፣ ከግርጌው፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። ልጄን አንብበሽዋል ወይ አልኳት።

"እሱን ማንም አያነበውም እማ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

ያለ መልስ አላልፍም ስላለ ሳሙና ብለሽ ጻፊ አልኳት። ጻፈች፤ ተቀበለው። እናቴ ለሱቅ ቆጣሪው ሳሙና ተብላ ተመዘገበች። ልጄ እስክትደክም ሳቀች፣ ሳቋ ሲበርድ ስልኩን ለምን እንደነጠቅኳት ይህንኑ ታሪክ ነገርኳት፤ ሰምታ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

"እውነተኛው ግን ማነው? የአያቴ የክርስትና ስም? ያንቺስ?"

"ለምን?" ልላት ነበር። ልማድ ነው። ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከመምሬ በኋላ ሌላ የነፍስ አባት አልያዝኩምና ያንን ስሜን በዚህ ምድር ላይ የሚያውቅ ሰው አልቀረም። አዲስ አበባ የሆነ ቦታ፣ የማላውቀው ማሽን ውስጥ ይኖር ይሆናል። የምሞት ቀን ግን ማሽኑ ለካህኑ አይነግርልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ማን ያውቀው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ማንም ሳያውቀው ቢቀርስ ብዬ ፈርቼ አላውቅም ነበር።

ስልኩን አጠፋሁት። ማጥፋቱ ስላላረካኝ በፌስታል ጠቅልዬ ጓዳ ገባሁና የዱቄት ባልዲው ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ገጠምኩ። ልጄ "ኧረ እማ!" አለች፤ ግን የራሷንም እንድትሰጠኝ እጄን ስዘረጋ ሰጠችኝ። እሱንም ከተትኩት። የደጁን በር ዘጋሁ፤ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። አጠገቧ ተቀምጬ ጆሮዋን ያዝኩ፣ መጀመሪያ የእናቴን ስም፣ ቀጥሎ የእኔን ነገርኳት። ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ሁለቱንም ደገመች።